በቤታችን የኖረው የልብ ሕመም

ደረቱን ይዞ ከመንገድ ዳር የተቀመጠ ሰው ካያችሁ «ምች ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ አትለፉት። እኔን ብዙ ሰው አልፎኛል። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም፤ እኔ ራሴም ሕመሜን ስንት ጊዜ ምች ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ፊደል የቆጠረ ያንብበው፤ ላልቆጠረው ደግሞ ያንብብለት።

የተወለድሁት ከቆሰበር ወጣ ብላ ባለች የገበሬ መንደር ነው። አባታችን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደረቱን ይዞ መንገድ ላይ ቁጭ አለ፤ በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርሁ። እናታችንም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየች። ያሳደገችኝ ታላቅ እኅቴ ጥሩወርቅ ናት፤ እኔ ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እታለም ነው የምላት። ታላቅ ወንድማችን መኮንን ጎልማሳ ሆኖ፣ አግብቶ፣ የመጀመሪያ ልጁ ገና ጡት ሳይጥል፣ አውድማ ላይ መንሹን እንደ ጨበጠ ወደቀ። ውኃ እስኪመጣለት እንኳ አልጠበቀም።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። አያታችን አንድ ለማኝ መነኩሴ በውሻ አስነክሶ አባሯል፣ እሱ የረገመው እርግማን ነው እየተባለ ይወራል። እኛም አመንን። በቤታችን ሞት ሲመጣ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው፤ ይህን እያወቅሁ አደግሁ።

ለአቅመ አዳም ስደርስ ዳንግላ ገብቼ እህል ነጋዴ ሆንሁ። ከደጋው ገብስና ኑግ እሰበስባለሁ፤ ከጫግኒ በቆሎና ሰሊጥ አወጣለሁ። ኑሮዬ ሲሞላ ሰውነቴም ሞላ። ጠዋት በቅቤ የራሰ ፍትፍት ነው፤ ገበያ ሲፈታ ጥሬ ሥጋ ከነጮማው፣ ሲመሽ ጠጅ። ከቤቴ እስከ እህል ተራ ያለችውን መንገድ እንኳ በበቅሎ ነበር የምሄዳት። ያገኘኝ ሁሉ «አያሌው፣ ተስማማህ! አማረብህ!» ይለኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቤታችን ሰው የዓይኑ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫው በኩል፣ ቢጫ ነገር ይወጣበታል። አያምም፣ አያሳክክም። የተረከዛችንም ጅማት እያደር ያብጣል። አባቴ ነበረበት ይባላል፣ መኮንንም ነበረበት፣ እታለምና እኔም አለብን። ሰው የእነእገሌ ዘር እያለ ይለየናል እንጂ በሽታ ነው ያለን አልነበረም።

ሕመሙ መጀመሪያ የያዘኝ ከጫግኒ ስመለስ ነው። በቅሎዬ አነከሰችብኝና ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ያዝሁት። ከመካከሉ ስደርስ ደረቴ ላይ ሰው የቆመብኝ መሰለኝ። ውጋት አይደለም፤ ክብደት ነው። ክብደቱ ወደ ግራ ክንዴ ወረደ፣ ከዚያ መንጋጋዬን ያዘኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ አልሁ። አብሮኝ የነበረው ነጋዴ በላይ ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

«ምን ሆንህ?»

«ደረቴን... ትንሽ ጠብቀኝ።»

«የቆላ ምች ነው» አለና ከቁጥቋጦው ዳማከሴ በጥሶ፣ በመዳፉ አሽቶ አስሸተተኝ። ቁጭ ብዬ ስቆይ ለቀቀኝ። እኔም ያዳነኝ ቅጠሉ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ያዳነኝ መቀመጤ ነበር።

ከዚያ በኋላ ይመላለስብኝ ጀመር። ጥጋብ ላይ ስራመድ ይይዘኛል። በጠዋት ብርድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወጣ ይይዘኛል። ስቆም ይለቀኛል። ሰው እንዳያውቅብኝ እየቆምሁ ከማላውቀው ሰው ጋር ሁሉ ሰላምታ አበዛ ነበር። ሚስቴ ዘነበች ግን ነቃችብኝ።

«አንቱ ከመቼ ወዲህ ነው መንገደኛውን ሁሉ ስለ ከብቱ ጤና የሚጠይቁት?» አለችኝ።

ነገርኋት። ወዲያው ባሻ ወልዴ ዘንድ ወሰደችኝ። ባሻ በጦር ሠራዊት ድሬሰር፣ ማለት ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በቤታቸው ሰው የሚያክሙ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ሆዴን ዳሰሱ። ሕመሙ ከምግብ በኋላ እንደሚብስ ስነግራቸው «ጨጓራ ነው» አሉ። የሚበጠበጥ ሶዳ ሰጡኝ፣ መርፌም ወጉኝ። በርበሬ ተው አሉኝ፤ ተውሁ። ቅቤውን ማንም አልነካብኝም።

እንዲያውም ተጨመረልኝ። እታለም መታመሜን ሰምታ ከቆሰበር መጣች። አንድ ቅል የተነጠረ ቅቤና የበግ ላት ይዛ ነበር።

«ልብህ ደክሞ ነው» አለች፤ «የሚያጠነክረው ነገር አጥቶ። አፍህን ክፈት።» ሕፃን ሳለሁ እንደምታደርገው አፌ ድረስ አምጥታ ለብ ያለውን ቅቤ አጠጣችኝ። ላቱን በሾርባ ቀቀለችልኝ። እየበላሁ ዓይን ዓይኔን ታያለች። እንቢ የሚላት ማን ነው?

በዚያ ወር ሕመሙ ቁጭ ባልሁበትም ይይዘኝ ጀመር። የምፈራውን ለማንም አልተናገርሁም። መኝታ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ የልቤን ምት እሰማለሁ። ዘነበችም እንቅልፍ አልነበራትም፤ እጇን ቀስ አድርጋ ደረቴ ላይ ታኖራለች፤ መተንፈሴን ስታውቅ ደግሞ ታነሣለች። ሁለታችንም የተኛን እንመስላለን።

በገበያ ቀን እህል ተራ ላይ ነው የወደቅሁት። ከገዥ ጋር ስለ ገብስ እየተከራከርሁ ነበር። ክብደቱ መጣ፤ ይሄዳል ብዬ ጠበቅሁት፣ አልሄደም። ላብ አጠመቀኝ፤ ላቡ ደግሞ ቀዝቃዛ ነበር። ጆንያ ላይ ተደገፍሁ። ሰው ሲንጫጫ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም። ያሰብሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መኮንን ያየው ይህን ነው።»

ዘነበች በጋሪ ባሻ ዘንድ አደረሰችኝ። ባሻ ጆሯቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«ልጄ፣ ይህ ጨጓራ አይደለም፤ ተሳስቻለሁ። ይህ ልብ ነው፣ እኔ ልብ አላክምም። ከአልጋ እንዳትነሣ። ትንሽ ስትጠና ወደ አዲስ አበባ ሂድ።»

ብዙ ሐኪም አይቻለሁ፤ ተሳስቻለሁ ያለኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። እንዲያ ባይሉኝ ኖሮ ሶዳዬን እየጠጣሁ እሞት ነበር።

በተኛሁባቸው ሳምንታት ቤቴ ለሁለት ተከፈለ። እታለም እርግማኑ በሽማግሌና በካህን ይፈታ፣ በግ ታርዶ መንደሩ ይታረቅ ትላለች። ዘነበች አዲስ አበባ ትላለች። አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ እኔ የሌለሁ ይመስል ይነጋገራሉ።

«ዓባይ በረሃ ላይ ወንድሜን ልትገይው ነው?» አለች እታለም።

«እዚህ ቢቀመጥስ ማን ያድነዋል?»

«ያሳደግሁት እኔ ነኝ!»

«አሳድገው ነው የሰጡኝ፤ ልቅበረው ብዬ አልተቀበልሁም» አለች ዘነበች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለታላቅ ስትመልስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «አባታችሁ በቤቱ ነው የኖረ። መኮንንም ከአገሩ አልወጣ። ማን ተረፈ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸውን ማየት አቃተኝና ወደ ግድግዳው ዞሬ «አዲስ አበባ» አልሁ። እታለም ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

በቅሎዬን ሸጠን በአውቶቡስ ተነሣን። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ዘነበች እጄን ይዛ ጸሎት ታደርሳለች፣ እኔ ደግሞ የመኪናው መንገጫገጭ ልቤን እንዳያስቆመው እፈራለሁ። ሆስፒታሉ ደጃፍ ስንደርስ አግዳሚ ወንበሩ ሁሉ ሞልቶ ነበር። ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እኔ መቆም አልቻልሁም። አንድ እግሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ሰውዬ አየኝና ክራንቹን ተደግፎ ተነሣ። «ተቀመጥ ወንድሜ፤ የኔ እግር ነው፣ ያንተ ከውስጥ ነው» አለኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ተራዬ ሲደርስ ያየኝ መነጽር ያደረገ የውጭ አገር ሰው ነው። አንዲት ወጣት ነርስ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ ደረቴን ሊያዳምጥ ጎንበስ ብሎ ሳለ ዓይኑ ፊቴ ላይ ቀረ። በጣቱ የዓይኔን ቆብ ነካ። ጫማዬን አስወልቆ ተረከዜን ዳሰሰ።

«ይህ ከመቼ ጀምሮ ነው? ይላሉ» አለችኝ።

«የቤታችን ምልክት ነው። አባቴም ነበረው።»

«አባትዎ በምን ሞቱ?»

«በድንገት። ደረታቸውን ይዘው።»

«ሌላስ?»

«ወንድሜ።»

«ምልክቱ ነበረበት?»

«ነበረበት።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ዘነበች ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ገና አልገባኝም ነበር።

ደረቴና እግሬ ላይ ሽቦ አስረው፣ ልብ ሲመታ በወረቀት ላይ በሚጽፍ መሣሪያ አዩኝ። ደም ቀዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ዘመድ ቤት ተቀመጥን። ያ መጠበቅ ከሕመሙ ይከፋ ነበር። ተመልሰን ስንቀርብ ሐኪሙ እየተናገረ፣ ነርሷ እያስረዳች ነገሩኝ። በደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚባል የስብ ዓይነት አለ። ለሁሉም ሰው ጥቂት ያስፈልገዋል። በእኛ ቤት ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ከልክ ያልፋል፤ የበዛው ስብ ልብን የሚመግቡት ደም ሥሮች ውስጥ እየተለጠፈ ያጠባቸዋል። የዓይናችን ቢጫም የተረከዛችን እብጠትም ያው ስብ ነው። እህል ተራ በወደቅሁ ቀን አንዱ ሥር ተዘግቶ ከልቤ ሥጋ ጥቂቱ ሞቷል።

«እርግማን አይደለም?» አልሁ።

ነርሷ ይህን አልተረጎመችም፤ ራሷ መለሰችልኝ። «ጋሼ፣ የወረሱት ነው። ግን እንደ ርስት ተቀብለው ቁጭ የሚሉበት አይደለም።»

ቅቤ፣ ጮማ፣ ላት፣ የሆድ ዕቃ፣ የእንቁላል አስኳል ክልክል ሆኑ። ጠጅ ይቀነስ፣ ክብደት ይውረድ ተባልሁ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ገብስ፣ ጎመን፣ ድንች ብላ፤ ወጡ በጥቂት የኑግ ዘይት ይሠራ አሉኝ። በየቀኑ በሜዳ መንገድ በእግሬ እንድሄድ፣ ሲይዘኝ እንድቆም፣ እያደር እንድጨምር አዘዙኝ። ከምላስ ሥር የምትቀመጥ ትንሽ እንክብልም ሰጡኝ፤ ሕመሙን ታስታግሳለች እንጂ በሽታውን አታጠፋም አሉ።

«እድናለሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ነርሷ ወደ ሐኪሙ ዞራ ጠየቀችልኝ። «አላውቅም ይላሉ። ያዘዙዎትን ካደረጉ ዕድልዎ ይሰፋል። እኅት ወንድም አለዎት?»

«እኅት።»

«ዓይኗ ላይ አለባት?»

አንገቴን ነቀነቅሁ።

«ይንገሯት።»

እንደ ተመለስን እታለምን አስጠርቼ ሁሉንም ነገርኋት። ቅቤው ጋ ስደርስ ፊቷ ጠቆረ።

«እኔ ነኝ የገደልኋቸው በለኛ» አለች።

«እንዲያ አላልሁም...»

«አባቴን ያበላሁት እኔ ነኝ። መኮንንን ያበላሁት እኔ ነኝ። አንተንም ከእናታችን ሞት ወዲያ ያበላሁህ እኔ ነኝ። አንድ ፈረንጅ ይህን አስተምሮ ላከህ?» ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ ቤቴን አልረገጠችም፤ የላክሁባትንም ሰው አላናገረችም።

የእኔ ነገር ቀላል አልነበረም። ዘነበች የእኔን ወጥ በሌላ ድስት ትሠራለች። የመጀመሪያው ሰሞን ሽሮው አፌ ውስጥ አፈር ሆነብኝ፤ አንድ ቀን ሳህኑን ገፍቼ ተነሣሁ። ዘነበች አነሣችው፤ ሲርበኝ ያንኑ ሽሮ አሙቃ አቀረበችው። እያደር ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ማብዛት ለመደች፣ እኔም ለመድሁ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር በእግሬ መሄድ ስጀምር ግን እያንዳንዱ እርምጃ ፍርሃት ነበረው። ደረቴ ትንሽ ቆንጠጥ ባደረገኝ ቁጥር እቆምና አሁን ነው እላለሁ። ሲለቀኝ ደግሞ እቀጥላለሁ።

ሰውም አልተወኝም። በእግሬ ሲያየኝ «ከሰረ» አለ። ስከሳ «ሳንባ ነቀርሳ ይዞታል» ተባለ፤ አብሮኝ ይጠጣ የነበረ ነጋዴ ዋንጫውን ከዋንጫዬ አራቀ። ፋሲካ ሲደርስ ሥጋ ባለመብላቴ ሃይማኖቱን ለወጠ ብለው ለነፍስ አባቴ ከሰሱኝ። እሳቸውም ከሳሾቼ ባሉበት «ጾም የሚፈታው በቅቤ ብቻ ነው ያለው የትኛው መጽሐፍ ነው? እስቲ አምጡልኝ» ብለው አሳፈሯቸው። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም።

እያደር ዳገቱን ሳልቆም መውጣት ቻልሁ። እንክብሏን የምፈልግበት ጊዜ ራቀ። ግን እታለም ነበረችብኝ። በሰላም ባደርሁ ቁጥር እሷ ትታየኛለች።

የተገናኘነው ቆሰበር፣ በአንድ ዘመዳችን ተዝካር ላይ ነው። አይታ እንዳላየች ሆነች። ሴቶቹ ከወንዝ ውኃ ሲያመጡ እሷም እንስራ አዝላ ዳገቱን ስትወጣ ከዳሱ ሆኜ አያታለሁ። ከመካከሉ ቆመች። ሴቶቹ አለፏት። እንስራውን ከጀርባዋ አወረደችና ቁጭ አለች። መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች።

ሮጥሁ። ለእኔ መሮጥ ክልክል ነው፤ ሮጥሁ። ስደርስ ሰው ከቧታል። አንዷ «ቡዳ ነው፣ አጭሷት» ትላለች፤ ሌላዋ «ቅቤ አምጡ፣ አፏን ክፈቱ» ትላለች። እታለም ፊቷ አመድ መስሎ፣ ላብ አጥምቋት፣ በአገውኛ እናታችንን ትጠራለች።

«ማንም ምንም እንዳያጠጣት!» ብዬ ጮህሁ። የእንክብሌን ብልቃጥ ከኪሴ አወጣሁ። «እታለም፣ አፍሽን ክፈቺ። አትዋጪው፣ ከምላስሽ ሥር ያዢው።» ለእሷ ያልታዘዘ መድኃኒት መስጠቴ ልክ አልነበረም፤ ሐኪሙ ኋላ ተቆጥቶኛል፣ እናንተም አታድርጉት። ያን ጊዜ ግን ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

ዓይን ዓይኔን አየች። ከዚያ አፏን ከፈተችልኝ።

ደግፌ ይዣት ጠበቅሁ። የእሷን እስትንፋስ ስቆጥር የራሴን ረሳሁ። ቀስ በቀስ ትከሻዋ ላላ፣ ፊቷ ተመለሰ።

«አንተንም እንዲህ ነበር የሚይዝህ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«እንዲህ ነበር።»

«ክንድህንም?»

«ክንዴንም፣ መንጋጋዬንም።»

እንባዋ መጣ። «መኮንን በዚያ ጠዋት ደረቴን አለኝ። ቅቤ አጠጣሁትና ወደ አውድማው ላክሁት።»

«እታለም፣ ማናችን እናውቅ ነበር? የነበረሽን ሁሉ ነው የሰጠሽው።»

ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ጥላ አለቀሰች። የከበቡን ሰዎች አንድ በአንድ ዘወር አሉ።

በዚያው ሰሞን እኔና ዘነበች ይዘናት አዲስ አበባ ሄድን። የእሷም እንደ እኔው ሆኖ ተገኘ። ስትመለስ ቆሰበር አልቀጠለችም፤ እኛው ዘንድ ሰነበተች፣ ከዘነበች ጋር በአንድ ማጀት። መጀመሪያ ቃል አይለዋወጡም ነበር። አንድ ቀን ግን እታለም ሽሮውን ቀምሳ «ዘነቡ፣ ይህ ጎድሎታል፤ ኮረሪማ ጨምሪበት» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ድስቱን ራሷ ያዘችው።

ዳንሁ ብዬ አልዋሻችሁም። የደሜ ስብ ወርዷል እንጂ አልጠፋም፤ ብርድ ሲበረታ ሕመሙ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። የእኔም ሴት ልጅ የመኮንንም ልጅ ተመርምረዋል፤ ከአሁኑ ይጠነቀቃሉ። ከቤታችሁ በድንገት የሞተ ካለ፣ ምልክት ካያችሁ፣ አትደብቁት፣ ለሐኪም ንገሩ። ለታመመ ሰው ስታዝኑለት ደግሞ ምን እንደምታበሉት ጠይቁ።

ባለፈው ጥር ልጄን ዳርሁ። በአባቴ ቤት ልጁን ሲድር ያየ አባት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። የሙሽራው አባት ሊያከብረኝ ምርጡን ጮማ በገዛ እጁ ቆርጦ አቀረበልኝ። እንቢ ለማለት አፍሬ ሳመነታ፣ እታለም ከኋላዬ ደርሳ ሳህኑን በአክብሮት ተቀበለችና ለሌላ እንግዳ አሳለፈችው።

«ለእሱም ለእኔም ምስር ወጥ አለን» አለች።

«ኧረ እመይቴ፣ ለሠርግ ቀን እንኳ?» አለ ሰውዬው።

«በሠርጉ ቀንማ ይብሳል» አለች እታለም፤ «ልጅቱ ነገም ትፈልገናለች።»